ልጅቷ ሳትነቃ የተቀዱ ዘፈኖች

ሥራዋን የጠየቃት ሰው ካለ «ተኳሽ ነኝ» ትላለች። በሐሳቡ ጠመንጃ የሚመጣበት ሰው አይጠፋም። እሷ የምትተኩሰው ግን ሸሚዝ ነው፤ ሱሪ ነው፤ የሠርግ ወራት ሲመጣ ደግሞ ተራራ የሚያክል ነጭ ቀሚስ ነው። በአማቷ ላውንደሪ ውስጥ ካውያ ይዛ ከቆመች ሰባት ዓመት አልፏታል። ሠፈሩ ስሟን ከረሳው ቆይቷል፤ ትንሹም ትልቁም ተኳሿ ነው የሚላት።

ላውንደሪው ጠባብ ነው። ከፊት ባንኮኒ፣ ከባንኮኒው ጀርባ ሁለት ማጠቢያ ማሽን፣ ከዚያ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ወዲያ መተኮሻ ክፍሉ። መተኮሻ ክፍሉ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ብረት ተዘርግቶ የሰው ካፖርት፣ የሰው ኮት፣ የሰው ብርድ ልብስ ጥቅጥቅ ብሎ ተሰቅሎበታል። እዚያ ገብታችሁ ብታጨበጭቡ ጭብጨባው ካፖርት ውስጥ ገብቶ እዚያው ይቀራል። ይህን መጀመሪያ ያስተዋለው ታናሽ ወንድሟ ነው። ሞባይል ጠጋኝ ነው፤ ከሥራ ሲወጣ ግን ጊታር ከእጁ አይለይም። ለሙዚቃ የሰጠውን ጆሮ ለምክር ሰጥቶት ቢሆን የት በደረሰ ይላሉ የሚያውቁት።

«እታለም» አላት አንድ ቀን፣ ካፖርቶቹ መሀል ቆሞ ጣቱን እያጮኸ። «ይሄ ክፍል እኮ ስቱዲዮ ነው። የቀረው ሙዚቀኛ ብቻ ነው።»

«የቀረውማ ቦታ ነው» አለችው። «ዞር በልልኝ፣ የሰው ኮት ላይ ተደግፈሃል።»

እሱ ግን አንዴ ከያዘ አይለቅም። እሑድ ላውንደሪው ዝግ ስለሆነ ቁልፉን ከአማቷ ለመነ። ከዚያ ለሳኙን ይዞ መጣ፤ ቀን ቀን የሰው ግድግዳ የሚለስን፣ በትርፍ ሰዓቱ ድራም የሚመታ፣ እጁ አካፋ የሚያክል፣ አንደበቱ ግን የቆጠበ ሰው ነው። ቀጥሎ ጎረቤታቸውን መምህርቷን አመጣ። ሒሳብ ታስተምራለች፤ ቤዝ ጊታርም ትጫወታለች። «ቤዝ ማለት ሳይሳሳቱ እስከ አራት መቁጠር ነው፤ እኔ ደግሞ የምኖረው በእሱ ነው» ትላለች። ዘፋኝ ፍለጋ ሩቅ አልሄዱም። ተኳሿ ካውያ ስትይዝ ዝም ማለት አትችልም፤ ማሽኖቹ ሲያጓሩ እሷም ሥር ሥራቸው ታንጎራጉራለች፤ ይህንን ደንበኛው ሁሉ ያውቃል።

ችግሩ የተኳሿ ሕፃን ነበረች። ያኔ የአምስት ወር ልጅ ነበረች። አባቷ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሹፌር ስለሆነ እሑድን እቤት አያሳልፍም፤ አማቷ ደግሞ «እኔ ስድስት ቀን ልብስ ጠብቄ በሰባተኛው ልጅ አልጠብቅም» ብላ ቁርጡን ነገረቻቸው። ስለዚህ ሕፃኗም አብራ ትመጣለች። ትልቁ የልብስ ቅርጫት ውስጥ ንጹሕ ብርድ ልብስ ተነጥፎላት ከምሳ በኋላ ትተኛለች፤ የምትተኛው አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ባንዱ የነበረው ጊዜ ያ ብቻ ነበር። ነቃች ማለት የዕለቱ ሙዚቃ አበቃ ማለት ነው።

ከዚህ የተነሣ የአሠራር ደንብ አወጡ። መጋረጃው ጋ ሲደርሱ ጫማ ይወለቃል። የድራም እንጨቶቹ ካልሲ ይለብሳሉ፤ ላውንደሪ ውስጥ ባለቤት ያጣ ካልሲ ሞልቷል። የጊታሩ ድምፅ ማውጫ ቁልፍ ከሁለት አያልፍም። ተኳሿ ደግሞ አፏን ማይክሮፎኑ ላይ ለጥፋ፣ ምስጢር እንደሚነግር ሰው፣ በሹክሹክታ ትዘፍናለች። አንዱ ሞቅ ብሎት ከፍ ካለ መምህርቷ ቀና ሳትል «ቀስ» ትላለች። ለሳኙ አንድ ጊዜ ሊያስነጥሰው ሲል ፊቱን ካፖርት ውስጥ ቀብሮ አስነጠሰ፤ ካፖርቱ ሰኞ እንደገና ታጠበ።

የመጀመሪያው ሥራቸው እንዲህ ተቀዳ። አራት ዘፈን ነው። ርዕሱን «ቀስ በሉ» አሉት፤ በቀረጻው ወቅት ከሁሉም አፍ ሲወጣ የከረመው ቃል እሱ ነበርና ሌላ መፈለግ አላስፈለጋቸውም። አሳታሚ የላቸውም፤ አስተዋዋቂም የላቸውም። ወንድሟ ሲዲውን እቤቱ አባዛ፣ መምህርቷ ሽፋኑን በእጇ ጻፈች፣ ስልሳው ቅጂ ባንኮኒው ላይ ተደረደረ። ለሳኙ አሥራ ስድስቱን ወስዶ ግድግዳ ለለሰነላቸው ሰዎች አደለ። የቀረውን አማቷ ጨረሰችው። ዘዴዋ ቀላል ነበር። «ሸሚዝዎ ይኸውልዎ» ትላለች። «ይቺን ደግሞ የልጄ ሚስት ናት ያወጣቻት።» ከዚያ ሰውየውን ዝም ብላ ታየዋለች። ከዚያ ዓይን ባዶ እጁን የወጣ ሰው የለም።

ሁለተኛው ሥራቸው «የእሑድ እንቅልፍ» ይባላል፤ አሥር ዘፈን አለበት። በዚያን ጊዜ ልጅቷ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗት እንቅልፏ ወደ አንድ ሰዓት ወርዶ ነበር፤ ዘፈኖቹም አብረው አጠሩ። ከሦስት ደቂቃ የሚያልፍ የለም። ሸሚዙን እዚያ የሚያሳጥብ አንድ የራዲዮ ጋዜጠኛ ነበር፤ እሱም እንደሌላው በአማቷ ዓይን ተገዶ አንድ ቅጂ ወስዶ ኖሮ ረቡዕ ረፋዱ ላይ አንዱን ዘፈን አጫወተው። ሲያበቃም «ይህ ባንድ ጩኸትን የናቀ ባንድ ነው፤ በሮክ ሙዚቃ ውስጥ እንዲህ ያለ ቁጥብነት ብርቅ ነው» አለ።

ተኳሿ እጅጌ እየተኮሰች ነበር። ሳቋ አላስቆም ብሏት ካውያውን አነሣችው። «ሰማሽ እማማ? ጩኸት ንቀን ነው አሉ። እኛ ልጅ ፈርተን!»

«አትንገሪያቸው» አለች አማቷ። «የናቀ ይሻላል።»

ራዲዮው ቅዳሜ ከሰዓት የሳምንቱን ሃያ ምርጥ ዘፈኖች በደረጃ ያሰማል፤ ሙዚቃ ቤቶች የሸጡትንና አድማጭ ደውሎ የመረጠውን ደምሮ ነው። ከ«የእሑድ እንቅልፍ» አንዱ ዘፈን ሃያኛ ሆኖ ገባ። በሳምንቱ ወጣ። አማቷ ግን ያቺን ሳምንት ዝም ብላ ልታሳልፋት አልፈለገችም። ልብስ ላይ ከሚንጠለጠሉት የቁጥር ካርዶች ሃያን አንሥታ ከባንኮኒው በላይ ሚስማር ላይ ሰቀለቻት። የጠየቃት ሁሉ ይነገረዋል፤ ያልጠየቃትም ይነገረዋል።

ሦስተኛው ሥራ ነጠላ ዜማ ነው፣ «ካፖርት»። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል የሚባለው እውነት መሆኑን ያዩት በሱ ነው። አሥራ ሰባተኛ ገባ። ዘጠነኛ ሆነ። አምስተኛ ሆነ። አማቷ በየቅዳሜው ካርድ ትቀይራለች። ሁለተኛ የወጣ ዕለት ደግሞ ከደስታዋ ብዛት ቁጥር ሁለትን አንድ ሱሪ ላይ ተንጠልጥሎ ከነበረበት ነቅላ ሰቀለችው። ሱሪው ያለ ቁጥር ቀረ። ሰኞ ዕለት ለአንድ ቀጭን ጠበቃ ተሰጠ፤ ባለቤቱ ግን ሦስት ጠበቃ የሚያክል ነጋዴ ነበር።

«ሱሪዬ የታለ?» አለ ነጋዴው።

«ሁለተኛ ወጣን እኮ» አለችው አማቷ፣ ካርዱን እያሳየችው።

«ማን ወጣ? ሱሪዬ ነው የወጣው።»

ሱሪው በሦስተኛው ቀን ተመለሰ፤ ጠበቃው በሁለት ቀበቶ አጥብቆ ፍርድ ቤት ሄዶበት ነበር አሉ።

«ካፖርት» ስድስት ሳምንት ሁለተኛ ሆኖ ቆየ። ከዚያ በላይ ግን ወይ ፍንክች። አንደኛው ላይ አንድ ስመ ጥር የፍቅር ዘፋኝ ወንበሩን ሙጫ ቀብቶ እንደተቀመጠ ሁሉ አልነሣ አለ። ቢሆንም ያ ስድስት ሳምንት አሳታሚ ይዞ መጣ። ቤት ውስጥም ጥቁር መነጽር የሚያደርግ፣ ሲናገር እጁን የሚያሻሽ ሰው ነው። አሥራ ሁለት ዘፈን ያለው አልበም፣ እውነተኛ ስቱዲዮ፣ በየከተማው የሚደርስ ሲዲ ቃል ገባላቸው። «ያቺን ሹክሹክታ ብቻ አትንኩብኝ» አላት ለተኳሿ። «ሕዝቡ የሚተኛባት እሷ ናት።»

ወንድሟ በዚያ ሳምንት የጠገናቸው ስልኮች ሁሉ እየተበላሹ ተመለሱ። ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነበር፤ ሱቁን የሚለቅበትን ቀን ሁሉ ቆርጦ ነበር።

ታዲያ ልጅቷ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሞልቷት የቀን እንቅልፍ የተወችው በዚሁ ሰሞን ነው። በስቱዲዮው ቀጠሮ ዋዜማ ባለው እሑድ ከቅርጫቱ ውስጥ ቆማ «አልተኛም፣ ትልቅ ነኝ» አለች። ሁሉም ተያዩ። ለሳኙ ይዟት ወጥቶ፣ አያቷን «ለዛሬ ብቻ» ብሎ ለምኖ፣ ትቷት ተመለሰ። ክፍሉ ውስጥ የተኛ ሰው ሳይኖር ሲቆሙ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር።

አንድ አዲስ ዘፈን ጀመሩ። ተኳሿ ሁለት መስመር በሹክሹክታ ሄደች፤ ሦስተኛው ላይ ግን ቅርጫቱ ባዶ መሆኑን አየችና ድምፅዋን ለቀቀችው። አስባበት አይደለም። ባዶዎቹ መስቀያዎች ብረቱ ላይ እርስ በርስ ተንኳኩ። መምህርቷ በልማድ «ቀ…» ብላ ጀምራ ተወችው። መጫወት አቆሙ።

«ይሄ ሁሉ የት ነበር?» አለ ለሳኙ። እሱ ከተናገረ ነገሩ ከባድ ነው።

«እኔ እንጃ» አለች ተኳሿ። ጉሮሮዋን በእጇ ይዛ ነበር፤ የሰው ዕቃ ጥሎባት የሄደ ሰው እንዳለ ሁሉ። ሠላሳ ዓመት አብሯት የኖረ ድምፅ ነው፤ አንድም ቀን አልተዋወቁም። ልጅ ሆና «ሴት ልጅ አትጮህም» ተባለች፤ አድጋ ከማሽን በታች አንጎራጎረች፤ ወልዳ ልጅ እንዳይነቃ ሹክ አለች። ሦስት ሥራ ወጥቶ፣ ሁለተኛ ተብሎ፣ እስካሁን ማንም አልሰማትም። ያን ዕለት እቤቷ ስትሄድ የምትፈልገውን ታውቅ ነበር፤ አንድ ጊዜ በሙሉ ጉሮሮዋ የተቀዳ ነገር እንዲኖራት። ምን እንደሚያሳጣትም ታውቅ ነበር።

በማግስቱ ስቱዲዮው በር ላይ አራቱም ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁ። ድምፅ ቀራጩ፣ ሽበት የጀማመረው ቀልደኛ ሰውዬ፣ ተገርሞ አያቸው።

«ምንጣፍ የለንም እኮ። ወለሉ ይቀዘቅዛችኋል።»

«ልማድ ነው» አለ ለሳኙ፣ አውራ ጣቱ ከካልሲው ብቅ ብሎ።

አሳታሚው ከመስታወቱ ወዲያ ተቀምጦ እጁን አሻሸ። ጀመሩ። ተኳሿ ሹክ አለች። ቀራጩ ሰማና እንድትደግም ጠየቃት። ደገመች። ሦስተኛ ጊዜ ደገመች። የመድኃኒት ዕቃ ላይ የተጻፈውን አወሳሰድ የምታነብ ነበር የምትመስለው።

«ደክሞሻል እንዴ እህቴ?» አላት ቀራጩ።

«አልደከመኝም። የተኛ ሰው የለም።»

ቀራጩ አልገባውም፤ ጓደኞቿ ግን ገባቸው። ከዚያ ወደ መስታወቱ ዞረች። ቃሏን አስተካክላ ነው የተናገረችው። «አንድ ጊዜ እንደራሴ ልዝፈነው። ካልወደዳችሁት መልሼ ሹክ እላለሁ።»

«ጊዜ ነው የምናባክነው» አለ አሳታሚው።

«ጊዜው የኔ ነው» አለ ቀራጩና ማይክሮፎኑን ሁለት እርምጃ አራቀው።

ዘፈነች። እግሯን አንፈራጣ ቆመችና ሄደችበት። ለሳኙ ሊደርስባት ቢሞክር ካልሲ የለበሰው እንጨት ዱብ ዱብ ከማለት በቀር አልሆንልህ አለው። ሲያበቃ ቀራጩ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ አንገቱ ላይ አደረገና ወደ አሳታሚው ዞረ።

አሳታሚው ክፉ ሰው አይደለም። መነጽሩን አወለቀ። «ጥሩ ነው» አለ። «እውነቴን ነው፣ ጥሩ ነው። ግን ይሄ ሌላ ባንድ ነው። እኔ የመጣሁት ለዚያኛው ነው፤ የምፈርመውም ለዚያኛው ነው። ምሳ ብሉና አስቡበት።»

የስቱዲዮው ደረጃ ላይ ተቀምጠው ዳቦ በእንቁላል በሉ። ጫማቸውን ማድረግ ረስተው ነበር።

ወንድሟ ቀድሞ ተናገረ። «ላም አለኝ በሰማይ ስንል ኖረን ላሟ ወርዳ በር ላይ ስትቆም፣ አንቺ በድንጋይ ታባርሪያታለሽ?»

«አሥራ ሁለት ዘፈን አፌን ይዤ አልዘፍንም» አለች። «አንድ ሁለቱን እችል ይሆናል። አልበሙ ከተወደደ ግን ሌላ አሥራ ሁለት ይላል። ከዚያ ሌላ። ሽበቴ እስኪወጣ ሹክ ስል አትመለከተኝ። ከፈለግህ ሌላ ዘፋኝ ፈልግ፤ አልቀየምህም።»

«ማንን? በሹክሹክታ ሁለተኛ የወጣ ሰው ሠፈሩ ሞልቷል?»

«አማቴን ሞክራት።»

ሊስቅ ሲል ያዘው። ወደ መምህርቷ ዞረ፤ ጠንቃቃ ስለሆነች ከእሱ ጋር ትቆማለች ብሎ ነበር። «አንቺ ንገሪያት እስቲ። ሁለተኝነቱስ?»

መምህርቷ የዳቦ ፍርፋሪ ከቀሚሷ ላይ አራገፈች። «ሁለተኛ ወጥተናል» አለች። «ያለፈ ነገር አይቀነስም። ደግሞ እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ቀስ በሉ ስል የኖርኩት ለሕፃኗ ብዬ ነው። መነጽር ላደረገ ትልቅ ሰው ብዬ አይደለም።»

ለሳኙ ከኪሱ የድራም እንጨቶቹን አወጣ። ካልሲዎቹን አንድ በአንድ አወለቃቸው፤ አጣጥፎ ለተኳሿ ሰጣት። «እነዚህ ይታጠቡ» አለ።

ወንድሟ የቀረችውን ዳቦ ረጅም ጊዜ አኘካት። ከዚያ ተነሣና ለአሳታሚው ሊነግረው ገባ። እህቱን እምቢ አለች እንዲባል አልፈለገም፤ «እኛ አልተስማማንም» ብሎ ነው የተናገረው። ይህን የሰማችው በኋላ ከቀራጩ ነው። ቀራጩ የዚያችን አንድ ዘፈን ቅጂ አጠፋዋለሁ ብሎት ነበር አሳታሚውን፤ ሳያጠፋው በሳምንቱ ሸሚዝ የሚያሳጥብ መስሎ ይዞላቸው መጣ። ሸሚዙም እውነት ቆሽሾ ነበር።

አራተኛውን ሥራ እንደ በፊቱ በራሳቸው አወጡት። ከዚያች ከስቱዲዮዋ ዘፈን ሌላ አራት ጨመሩ፤ እነዚያን መተኮሻ ክፍሉ ውስጥ፣ እሑድ እሑድ፣ ጫማቸውን አድርገው ቀዷቸው። ልጅቷ ካፖርቶቹ መሀል እየተሽሎከለከች ትጫወታለች፤ በየመሀሉ «አሁንም አልተኛሁም» እያለች ብቅ ትላለች። አንድ ቀረጻ በዚህ ተበላሸ፤ ሌላው በነጋዴው ተበላሸ፤ እሑድ መሆኑን ረስቶ ሱሪ ሊወስድ በር ደበደበ። ሥራውን «ቀሰቀስኳችሁ?» ብለው ሰየሙት።

የስቱዲዮው ዘፈን ሃያዎቹ ውስጥ አሥራ ዘጠነኛ ሆኖ ገባ። በሁለተኛው ቅዳሜ ወጣ። ወንድሟ ያን ቀን ሲጠግን የዋለውን ስልክ ፈትቶ መግጠም አቃተው። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ተመልሶ አሥራ ስድስተኛ ሆነ፤ ከዚያ አሥራ አንደኛ፤ እዚያው ቆመ። ከዚያ በላይ አልወጣም። አድማጮችም ሁለት ቦታ ተከፈሉ። አንዲት እናት ለራዲዮው ደውላ «በእነሱ ዘፈን ነበር ልጄን የማስተኛው፤ አሁን ጭራሽ ቀሰቀሱብኝ» አለች። አንዱ ደግሞ አንድ ሳምንት ሙሉ በየቀኑ እየደወለ ያንኑ ሲመርጥ ከረመ፤ አማቷ ናት የሚል ሐሜት አለ፤ እሷ ትክዳለች። ሁለተኛን አውርዳ አሥራ አንድን ስትሰቅል ግን ትንሽ ከፍቷት ነበር።

«ቅር አለሽ እማማ?» አለቻት ተኳሿ።

«ሁለት ይሻል ነበር። አልዋሽሽም» አለች። ካርዱን አስተካክላ ወደ ኋላ ራቅ ብላ አየችው። «ደግሞ የራሳችንን ቁጥር ነው የሰቀልኩት። ከማንም ሱሪ አልወሰድኩም።»

ማክሰኞ ረፋድ ነው። ተኳሿ መጋረጃውን ከፍታ ኮሌታ ትተኩሳለች። ራዲዮው ባንኮኒው ላይ ነው። አንድ ደንበኛ ካርዱን ይዞ ቆሟል፤ አዲስ ደንበኛ ነው፣ አያውቃትም። ዘፈኑ መጣ፤ ጊታሩ ገባ፣ ለሳኙ በባዶ እንጨት መታ፣ ከዚያ ሴትየዋ ድምፅዋን ለቀቀችው።

«እቱ፣ ቀንሺው እባክሽ» አለ ሰውየው። «ምን ነክቷት ነው እንዲህ የምትጮኸው?»

ካውያዋን አስቀምጣ ወደ ባንኮኒው መጣች፤ እጇ በልማድ ወደ ራዲዮው ተዘረጋ። ቁልፉ ላይ ደረሰ። እዚያ ላይ አረፈና ቆየ።

«ሲያልቅ እቀንስልዎታለሁ» አለችው። «ሁለት ደቂቃ ነው የቀረው።»

ሰውየው ባንኮኒው ላይ ተደገፈ። ሌላ የሚያደርገው ስላልነበረ ሰማ። ተኳሿም ወደ ኮሌታዋ ተመለሰች፤ ጫፍ ጫፉን እየተጫነች፣ ካውያዋን በለሳኙ ምት ወደፊትና ወደኋላ እየነዳች።